የአርበኞቻችን ማረፊያ የማን አደራ ነው?



የትንሣኤው የምሥራች የተሰማው ከመቃብር ደጃፍ ነው። የአርማትያስ ሰው ዮሴፍ ለራሱ ያስወቀረውን አዲስ መቃብር ለጌታው ሲሰጥ፣ ኒቆዲሞስም ከርቤና እሬት ይዞ ሲመጣ፣ ሙታንን በክብር ማሳረፍ የእምነት ሥራ መሆኑን አስተምረውናል። ጦቢትም በምርኮ አገር የተገደሉ ወገኖቹን በመቅበሩ ሀብት ንብረቱን አጥቷል።

ሚያዝያ 27 ቀን የሚከበረው የአርበኞች የድል በዓል አብዛኛውን ጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል። በመሆኑም በዚህ ወቅት ስለ ትንሣኤ ሙታን ስናስብ፣ በ1933 ዓ.ም. ነጻነታችንን ያስመለሱልን አባቶችና እናቶች የት እንዳረፉ መጠየቃችን ተገቢ ነው።

በአዲስ አበባ የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር የታላላቅ አርበኞች መካነ መቃብር ይገኛል። ለኢትዮጵያ ነጻነት በብዕራቸው የተሟገቱት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ሲያርፉ ወለተ ክርስቶስ ተብለው በዚያው ተቀብረዋል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሠራዊትም ከ120 በላይ ጓዶቹን ቢያጣም አፅማቸውን በባዕድ ምድር አልተወም፤ ወደ አገሩ መልሶታል።

ይሁን እንጂ ስሙ ያልገነነው አርበኛ ያረፈው በየአጥቢያው ነው። በጅማ ከተማ በቦሳ አዲስ፣ እንዲሁም እንደ አጋሮና ሊሙ ገነት ባሉት የቡና ከተሞች የቀብሩን ሥርዓት የሚያከናውኑት ቤተ ዘመድና ዕድር ናቸው። ድንኳኑን የሚተክለው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው ዕድር ነው፤ ፍትሐቱን የሚያደርሱት ካህናት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሆሣዕና ዕለት አስቀድማ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ትጸልያለች። አንድም ነፍስ ያለ ጸሎት እንዳይሸኝ የምትጠነቀቅ እናት ናት።

ዳሩ ግን ጸሎቱ ባይጓደልም ቦታው ይጠብባል። በከተሞች አፅም በፉካ የሚያርፍበት፣ የተወሰነለት ዓመት ሲፈጸምም የሚነሣበት አሠራር አለ። ልጅና የልጅ ልጅ ያለው ክፍያውን ያድሳል። ወራሽ የሌለውን ዘማች አፅም ማን ይጠብቀዋል? በ1933 ዓ.ም. የ18 ዓመት ወጣት የነበረ አርበኛ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ መቃብሩን የሚያውቁ ሰዎችም እያለቁ ነው። ከእርሱ በኋላ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮ ኤርትራ ጦርነት የዘመቱትም ተራቸው ደርሶ እያረፉ ነው።

መጽሐፈ ሳሙኤል እንደሚነግረን፣ የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው የሳኦልንና የልጆቹን ሬሳ ከቤትሳን ቅጥር አወረዱ፤ አፅማቸውንም ቀበሩ። ዳዊት በነገሠ ጊዜ ባረካቸው፤ ኋላም አፅሙን አስመጥቶ በአባቱ በቂስ መቃብር አሳረፈው። ሕዝቡ የጀመረውን የርኅራኄ ሥራ መንግሥት ፈጸመው ማለት ነው። እኛም የምንሻው ይህንኑ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን በሕግ አድርገውታል። አሜሪካ የጦር መካነ መቃብር እንዲቋቋም በ1862 እ.ኤ.አ. ደነገገች፤ ከ1978 እ.ኤ.አ. ወዲህም ክፍለ ግዛቶች ለቀድሞ ወታደሮች መቃብር ሲያዘጋጁ የፌዴራሉ መንግሥት ለማቋቋሚያው ገንዘብ ይሰጣል፤ የዘወትር ጥበቃው ግን የክፍለ ግዛቱ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘውን የጦር መካነ መቃብር የሚጠብቀው፣ በ1917 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኮመንዌልዝ ኮሚሽንም ወጪውን አባል መንግሥታት በመቃብሮቻቸው ቁጥር ልክ ይካፈሉታል።

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ቦታውን መስጠት የመንግሥት ድርሻ ነው። ማቋቋሚያው ከመንግሥት በጀት፣ የዘወትር ጥበቃው ከከተማው አስተዳደር ቢሆን፣ ዕድሮችና የአርበኞች ማኅበር ደግሞ የስም መዝገቡን ቢይዙ ሸክሙ ይቀላል። በጅማና በአካባቢው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ዘምተዋልና፣ ቦታው ለሁለቱም እንደየሥርዓታቸው ሊከፈል ይገባል። ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ግን ስም መመዝገብ ከወረቀትና ከብዕር በቀር ወጪ የለውም። በበዓሉ ማዕድ ዙሪያ አያት የልጅ ልጁን ሰብስቦ የዘማቹን ስምና የመቃብሩን ቦታ ቢያስጽፍ ሥራው ዛሬ ይጀመራል።

ለሁላችንም ተስፋ ትንሣኤን የሰጠን አምላክ ስለ አገር የወደቁትን ነፍሳቸውን በገነት ያሳርፍልን። መልካም በዓል።