የተማሪዎች የሒሳብ ችግር የመፍታትና የማመዛዘን ችሎታ እንዴት ይመዘናል?

የሒሳብ ትምህርት ውጤት በሪፖርት ካርድ ላይ የሚሰፍረው በአንድ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ተማሪው ደምሮና አባዝቶ ያገኘውን፣ ቀመር በቃሉ ይዞ የመለሰውን፣ በራሱ አስቦ የደረሰበትንና በግምት ያከበበውን ሁሉ በአንድነት የያዘ ነው። በመሆኑም ተማሪው ያልተለመደ ጥያቄ ሲቀርብለት አስቦ መፍታት ይችል እንደሆነ ለይቶ አያሳይም። በክፍል ውስጥ ጥሩ ነጥብ ሲያስመዘግብ የቆየ ልጅ በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወይም በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ድንገት ዝቅ ሲል ወላጆች ግራ የሚጋቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። አኃዙ የሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች ድምር የሚመለከት እንጂ የሒሳብን ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ክፍተቱ በ12ኛ ክፍል የታየ ቢሆንም በ12ኛ ክፍል የተፈጠረ አለመሆኑን ለመረዳት አያዳግትም። በዝቅተኛዎቹ ክፍሎች በጊዜው ሊታወቅ የሚችል ነገር ሳይታወቅ ሲያልፍ ከዓመታት በኋላ በአንድ ጊዜ ይገለጣል።

ችግር መፍታት ከተለመደው መልመጃ የሚለየው የአፈታቱ መንገድ አስቀድሞ ያልተነገረ በመሆኑ ነው። «50ን ለ12 አካፍል» የሚለው ጥያቄ መልመጃ ነው፤ መልሱም 4 ደርሶ 2 ቀሪ ነው። «50 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 12 ሰው በሚይዙ ሚኒባሶች ለጉብኝት ቢሄዱ ስንት ሚኒባስ ያስፈልጋል?» የሚለው ግን ስሌቱ ያው ሆኖ ሌላ ነገር ይጠይቃል። «4 ቀሪ 2» ብሎ የጻፈ ተማሪ ማካፈል ያውቃል፤ ሁለት ተማሪዎች ግን ደጅ ቀርተዋል። ትክክለኛው መልስ 5 ሲሆን፣ ወደዚያ የሚያደርሰው ቁጥሩን ወደ ተነሣበት ጉዳይ መልሶ የማየት ልማድ ነው።

ይህ ልማድ በሌለበት ምን እንደሚከሰት የሚያሳይ፣ በመምህራን ዘንድ በሰፊው የሚነገር የፈረንሳይ ሙከራ አለ። «በአንድ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ለ97 ሕፃናት ተማሪዎች ቀርቦ 76ቱ ቁጥሮቹን ተጠቅመው የካፒቴኑን ዕድሜ አስልተዋል። ልጆቹ መደመር አልተሳናቸውም። በትምህርት ቤት ቁጥር ያለበት ጥያቄ ሁሉ ተሰልቶ መመለስ አለበት የሚለውን ያልተጻፈ ሕግ ግን ከሁሉ አስቀድመው ተምረዋል።

የማመዛዘን ችሎታ ደግሞ ለመልሱ ምክንያት መስጠትን፣ የሌላውን ምክንያት መመርመርንና ከተወሰነ ምሳሌ ተነሥቶ ወደ አጠቃላይ ድምዳሜ መድረስን ያካትታል። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ደረጃ የሚመጥን አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ነጋዴ የ1,000 ብር ዕቃ ዋጋ በ10 በመቶ ጨመረ፤ ከወር በኋላ በአዲሱ ዋጋ ላይ 10 በመቶ ቀነሰ፤ ዕቃው ወደ ቀድሞ ዋጋው ተመለሰ ወይ? አንደኛው ተማሪ «አዎን፤ 10 ጨምሮ 10 ከቀነሰ ምንም አልተለወጠም» ሲል ይጽፋል። ሁለተኛው ስሌቱን ሠርቶ 1,100 ከዚያም 990 አግኝቶ «አይመለስም» ይላል፤ ምክንያት አይጨምርም። ሦስተኛው «ሁለተኛው 10 በመቶ የሚወሰደው ከበለጠው ዋጋ ላይ ስለሆነ የተቀነሰው ከተጨመረው ይበልጣል፤ አይመለስም» ብሎ ካስረዳ በኋላ ከ1,100 ላይ 110 ሲቀንስ ተሳስቶ 980 ይጽፋል።

የመጨረሻው ቁጥር ብቻ የሚታይ ከሆነ ሁለተኛው ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ ሦስተኛው እንደ አንደኛው ዜሮ ይሆናል። ይህ ሚዛናዊ አይደለም። ጥያቄውን ለመረዳት፣ ተገቢውን መንገድ ለመምረጥ፣ በትክክል ለማስላትና ምክንያት ለመስጠት አንዳንድ ነጥብ ተመድቦ ከአራት ቢታረም ግን ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሦስት ሦስት ያገኛሉ፤ የጎደላቸው የተለያየ መሆኑም በግልጽ ይታያል። ሁለተኛውን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ሦስተኛው ሥራውን ደግሞ የማየት ልምድ ያስፈልገዋል። ጠንከር ያለ መምህር ከዚህም አልፎ «በማንኛውም ዋጋ ላይ እንዲህ ይሆናል?» ሲል ይጠይቃል። «ዋጋው ይመለሳል» የሚለውን አባባል ለማፍረስ አንድ ምሳሌ በቂ ሲሆን፣ «ሁልጊዜ 1 በመቶ ይጎድላል» ለማለት ግን ምሳሌ መደርደር አይበቃም፤ 1.1 በ0.9 ሲባዛ 0.99 መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። የሒሳብ ማመዛዘን ዋናው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል ማለት ይቻላል።

የምርጫ ጥያቄዎች ለብዙ ተፈታኝ በአንድ ጊዜ ለማረም አመቺ ቢሆኑም ይህን ሁሉ አያሳዩም። አራት አማራጭ ባለው ፈተና ምንም የማያውቅ ተፈታኝ በግምት ብቻ በአማካይ ከአራት ጥያቄዎች አንዱን ያገኛል። በክፍል ውስጥ የሚካሄደው ተከታታይ ምዘና ያንኑ የምርጫ ፈተና በትንሽ በትንሹ የሚደግም ከሆነ ስሙን ብቻ ይዟል።

ተማሪው የተሳሳተበትን ቦታ ለይቶ ለማወቅ አውስትራሊያዊቷ አን ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረቡት ዘዴ በቀላሉ ሊሠራበት የሚችል ነው። ተማሪው የተሳሳተውን ጥያቄ ይዞ በቅደም ተከተል አምስት ነገር ይጠየቃል፤ ጥያቄውን እንዲያነብ፣ ምን እንደተጠየቀ በራሱ ቃል እንዲናገር፣ በምን መንገድ እንደሚሠራው እንዲያስረዳ፣ እየተናገረ እንዲሠራና በመጨረሻም መልሱን እንዲጽፍ። ተማሪው የሚቆምበት ደረጃ ችግሩ የንባብ፣ የመረዳት፣ መንገድ የመምረጥ፣ የስሌት ወይም መልስን የመግለጽ መሆኑን ይጠቁማል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በሒሳብ ደካማ የተባለ ተማሪ አንዳንድ ጊዜ ያልገባው ሒሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ተማሪ ተጨማሪ የማባዛት መልመጃ ቢሰጠው አይጠቅመውም። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም በአንድ ሳምንት እንዲህ መጠየቅ እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ በሳምንት አምስት ተማሪ ከተጠየቀ ግን በ12 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል።

ዕድገትን መመዘን ደግሞ ደረጃ ከማውጣት ይለያል። በካርድ ላይ የሚጻፈው 5ኛ ወይም 20ኛ የሚለው ደረጃ ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የሚያነጻጽር እንጂ ከራሱ ጋር አይደለም። ደረጃ በየቤቱ የሚወደድ ነገር መሆኑ ባይካድም፣ አንድ ተማሪ በብዙ ተሻሽሎ ሌሎቹ ይበልጥ ከተሻሻሉ ደረጃው ሊወርድ ይችላል። ዕድገትን ለማየት በመስከረም፣ በጥርና በሰኔ ተመሳሳይ ክብደት ያላቸውን ጥቂት ችግሮች አቅርቦ የተማሪውን የአሠራር ወረቀቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በመስከረም ቁጥር ብቻ ይጽፍ የነበረ ተማሪ በጥር ሥዕል ወይም ሠንጠረዥ ከተጠቀመ፣ በሰኔ ደግሞ «ምክንያቱም» ብሎ ካስረዳ፣ ነጥቡ ብዙም ባይጨምር እንኳ ዕድገት አለ።

በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በየተወሰኑ ዓመታት በ4ኛና በ8ኛ ክፍል የሚካሄደው ብሔራዊ የትምህርት ምዘና ሒሳብንም ይጨምራል። ይህ ምዘና በናሙና የሚካሄድና የሥርዓቱን ጤንነት የሚያሳይ በመሆኑ ለአንድ ተማሪ የግል ውጤት አይሰጥም፤ ወላጆች የልጃቸውን ውጤት ከዚያ መጠበቅ አይኖርባቸውም።

ስለ ልጃቸው ችሎታ ዝርዝር ማብራሪያ የሚፈልጉ ወላጆችና አሳዳጊዎች አስቀድመው የሒሳብ መምህሩን ማነጋገር ይገባቸዋል። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ካርዱን ብቻ ሳይሆን የታረሙ የፈተና ወረቀቶችንና የልጃቸውን ደብተር ይዘው ቢቀርቡ ውይይቱ ፍሬያማ ይሆናል። «ስንት አገኘ?» ከሚለው ይልቅ «የተሳሳተው የቱ ላይ ነው? ነጥቡ የተሰጠው በምን መስፈርት ነው? በሚቀጥለው ወር ምን ሲችል ተሻሻለ እንላለን?» የሚሉት ጥያቄዎች ተጨባጭ ምላሽ ያስገኛሉ። መልስ ያላገኘ ወላጅ ጉዳዩን ለክፍል ኃላፊ መምህሩ፣ ቀጥሎም ለርዕሰ መምህሩ ማቅረብ ይችላል። ጉዳዩ የአንድ ልጅ ሳይሆን የክፍሉ ሁሉ ሆኖ ከተገኘ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ ማንሣት ይቻላል። በትምህርት ቤቱ ያልተፈታ ቅሬታ የሚቀርበው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ በጽሑፍ ሲቀርብም የታረመው ወረቀት ቅጂ ቢያያዝ ይመረጣል።