ጋቶ፦ የናፖሊ የድንች ኬክ

በ1768 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያዋ ልዕልት ማሪያ ካሮሊና ለናፖሊው ንጉሥ ለፈርዲናንድ 4ኛ ተዳረች። በኋላ የፈረንሳይ ንግሥት የሆነችው የማሪ አንቷኔት ታላቅ እህት ናት። ናፖሊዎች ጋቶ የሚሉትን የድንች ኬክ ከዚህች ሙሽራ መምጣት ጋር ያያይዙታል። ወሬውን እንደ ሠርግ ወሬ እንውሰደው፤ በዚያ ዘመን የናፖሊ መኳንንት ፈረንሳዊ ወጥ ቤት መቅጠር ይወዱ እንደነበርና ሕዝቡም እነዚህን ሰዎች «ሞንሱ» ይላቸው እንደነበር ግን የታወቀ ነው። ምግቡ ላይም ይታያል፤ ቅቤው፣ ወተቱና ስሙ የፈረንሳይ፣ ሳላሚውና ፎርማጆው የናፖሊ።

ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ግን የእናቶች ምግብ ሆነ። ፍሪጅ ውስጥ የተረፈ የሳላሚ ቁራጭ፣ ጫፉ የደረቀ ፎርማጆ፣ ሁሉም መጨረሻው ጋቶ ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ የሚያበላሸው ውኃ ነው። ለስድስት ሰው 1 ኪሎ ድንች ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ተልጦ ከተቀቀለ ውኃ ይጠጣል። ጣት እያቃጠለም ቢሆን በትኩሱ ተልጦ ወዲያው ይዳጣል። በብሌንደር ግን አይሞከርም፤ ስለቱ የድንቹን ስታርች ስለሚለቀው ሙጫ የመሰለ ነገር ይወጣል። የተዳጠው በረድ ሲል 2 ወይም 3 እንቁላል፣ 50 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ጥቂት ወተት፣ 100 ግራም የተፈቀፈቀ ፓርሚጃኖ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ቆንጠር ያለ ገውዝ ይገባበታል። እንቁላሉ ድንቹ ሳይበርድ ከገባ እዚያው ይረጋል፤ ኋላ ኬኩን አንድ ላይ የሚይዘው እሱ ስለሆነ መታገስ ይሻላል።

ትሪው ቅቤ ተቀብቶ የዳቦ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል። የድንቹ ግማሽ ይነጠፋል፤ በላዩ 150 ግራም የተከተፈ ሳላሚ ወይም ካም፣ ቀጥሎ 250 ግራም ሞዛሬላ ወይም በጭስ የታጠነ ፕሮቮላ ይደረደራል፤ የቀረው ድንች ክዳን ይሆናል። ሞዛሬላው ቀደም ብሎ ተቆርጦ ወንፊት ላይ ለሰዓታት ካልተንጠፈጠፈ ውኃውን ኦቭን ውስጥ ይለቅና መሃሉ ይላቁጣል። እኔ ፕሮቮላውን እመርጣለሁ፤ ደረቅ ያለ ነው፣ ጭስ ጭስ ማለቱም ለድንቹ ነፍስ ይሰጠዋል። ላዩ በሹካ ተጫጭሮ ፍርፋሪና የቅቤ ቁርጥራጭ ይበተንበታል፤ ከዚያ በ180 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ ያህል፣ ወርቃማ እስኪሆን ይጋገራል። በሹካ የተጫረው ቦታ ቀድሞ ይጠበሳል፤ ልጆች የሚሻሙት ያንን ነው።

የአሳማ ሥጋ ለማይበላ፣ ከእኛ ሰው አብዛኛው ማለት ነው፣ መፍትሔው ሲሲሊ ይገኛል። ፓሌርሞዎች መሃሉን የሚሞሉት በሽንኩርትና በቲማቲም በበሰለ የተፈጨ ሥጋና በአተር ነው። የበሬ ሥጋ ብቻውን በቂ ነው፤ ብቻ መረቁ ምጥጥ ይበል፣ አለዚያ ድንቹን ያረጥበዋል። የእኛ አይብ ለዚህ አይሆንም፤ እርጥብ ነው፣ አይቀልጥም፣ አይሳብም። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ የሚገኘው ፕሮቮሎኔ ግን ፕሮቮላውን በደንብ ይተካዋል። ንጥር ቅቤም ይቅር፤ ኮረሪማው የሌላውን ሁሉ ጣዕም ይውጠዋል።

እንደወጣ የተቆረጠ ጋቶ ሳህን ላይ ይፈርሳል፤ ፎርማጆው ገና ፈሳሽ ነው። ናፖሊዎች ለብ ሲል፣ አንዳንዴም በማግስቱ ቀዝቅዞ ይበሉታል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት፤ እንግዳ የምትጠብቁ ከሆነም ከዋዜማው ጋግራችሁ አስቀምጡት።