ገብረ ክርስቶስ ደስታ፦ ቀለምን ያስቀደመ ሠዓሊ

የመተማን ጦርነት በባህላዊው አሣሣል ያየ ሰው ወገንና ጠላትን ለመለየት አይቸገርም። ወገን ፊቱን ሙሉ ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይሣላል፤ ጠላት በጎኑ፣ በአንድ ዐይኑ። አፄ ዮሐንስ እዚያ የወደቁት በ1889 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ታሪኩን የማያውቅ እንኳ ከሥዕሉ ያገኘዋል። በዚህ ልማድ ያደገ ዐይን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕሎች ፊት ሲደርስ የሚያነበው ያጣል። ፊት የለ፣ ፈረስ የለ፤ ያለው ቀለም ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበርና ልጁ ቀለምን ያወቀው ከቤቱ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ እርሻ መማር ጀመረ፤ ሳይጨርስም ተወው። (የመተማ ቆላ፣ የሽንፋ ገበሬ ይፍረድ፤ እኔ ግን ደግ አደረገ ባይ ነኝ።) በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ጀርመን፣ ኮሎኝ ወረደ። እስከ 1961 በቆየባቸው ዓመታት የጀርመን ኤክስፕሬሽኒስቶችን ሥራ በቅርብ አየ። ከሁሉ በላይ የቀረበው ካንዲንስኪ ነው፤ ቀለም የነገር መልክ ሳይዝ በራሱ ስሜት መቀስቀስ ይችላል ብሎ የተነሣው ሩሲያዊ።

በዚያው ዘመን ኒውዮርክ ውስጥ ማርክ ሮትኮና ባርኔት ኒውማን ሸራቸውን በሰፋፊ የቀለም መደብ መሙላት ይዘው ነበር። ሐሳቡ ለቆላ ሰው ሩቅ አይደለም። ሽንፋ ላይ ሰሊጡ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ወደ ሱዳን ድንበር አሻግሮ የሚያይ ሰው ከፊቱ ሁለት ነገር ብቻ ያገኛል፦ ከታች የደረቀ መሬት፣ ከላይ ሰማይ። የሚቆጠር ነገር የለም፤ ግን ልብ ዝም አይልም። ገብረ ክርስቶስ ከኒውዮርኮቹ ጋር አልዋለም፤ መንገዱም በጀርመን በኩል ነበር። ቀለሙን ከዕቃና ከሰው ጥገኝነት በማላቀቅ ግን ይገናኛሉ። በ1966 የሠራው አረንጓዴው ረቂቅ ሥዕል ለዚህ ምስክር ነው።

ቅርጽን ጨርሶ የተወ ግን እንዳይመስላችሁ። በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲሠራ ያነሣው ከአባቱ ብራና የማይርቅ ጉዳይ፣ ስቅለትን ነው። ሥቃዩን የሚናገረው ግን የፊት ገጽታ ሳይሆን ቀዩ ቀለም ነው። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

በ1962 ከጀርመን ተመልሶ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ካስተማራቸው አንዱ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ነው፤ የግዕዝ ፊደላትን የሸራው ዋና ጉዳይ ያደረገው። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው። ሽልማቱ ትችቱን አላስቆመም። «ሥዕሉ የፈረንጅ ነው፣ ኢትዮጵያዊ ጠባይ የለውም» አሉት ተቺዎቹ። እሱ በበኩሉ ሥነ ጥበብ ድንበር የለውም ባይ ነበር።

ይህ ክስ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ተከሳሹ «ሀገሬ» የተባለውን ግጥም የጻፈው ሰው ነውና። በግጥሙ አገር ወዳድ፣ በብሩሹ ባዕድ የሚሆን አንድ ሰው የት አለ? የተለወጠው አገሩ ሳይሆን መሣሪያው ነው። ቃል ሲይዝ ትዝታውን በስሙ ጠራው፤ ቀለም ሲይዝ ስም አላስፈለገውም።

በደርግ ዘመን ከአገር ወጣ፤ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ ሞተ፤ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ የወጡት ካለፈ በኋላ ነው። በ2008 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፈተ፤ ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥራዎቹም ወደዚያ ተመለሱ።

ከሽንፋም ሆነ ከዚያው አካባቢ ከገንዳ ውኃ ለጉዳይ አዲስ አበባ የምትመጡ ሁሉ፣ ሙዚየሙ ስድስት ኪሎ ነው። ስትገቡ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉትና አንዱ ሥዕል ፊት ረጋ ብላችሁ ቁሙ።