የብርቱካን ነጩ ሽፋን

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ገበያ ብርቱካን የገዛ ሰው ልጣጩን ይጥላል፤ ከልጣጩ ሥር ያለውንም ነጭ ሽፋን ከፍሬው ላይ ለቅሞ ያነሣል። ነገር ግን ሔስፐሪዲን የተባለው ውሑድ በብዛት የሚገኘው በዚሁ በሚጣለው ክፍል ነው።

ሔስፐሪዲን ፍላቮኖይድ ከሚባሉት የዕፀዋት ውሑዶች አንዱ ሲሆን፣ በብርቱካን፣ በመንደሪንና በሎሚ ውስጥ ይገኛል። ከነጩ ሽፋን ለይቶ ያወጣውም ለብሬቶን የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም 1828 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1936 እ.ኤ.አ. ሀንጋሪያዊው ሊቅ አልበርት ሴንት ጆርጂና ባልደረቦቹ፣ ሔስፐሪዲን ያለበት ከሎሚ የተገኘ ቅይጥ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠነክራል ብለው «ቫይታሚን ፒ» የሚል ስም አወጡለት። ኋላ ግን ሰው ይህን ውሑድ በማጣቱ የሚይዘው የታወቀ በሽታ ስላልተገኘ፣ ስሙ ቀረ። ድድን የሚያደማውን የስከርቪ በሽታ የሚከላከለው ቫይታሚን ሲ ነው።

እንግዲህ ነጩን ሽፋን ከፍሬው ጋር መብላት ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ለሆድ የሚስማማ አሠር አለው። ሆኖም ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ድዱ የሚደማ ሰው በልጣጭ ተማምኖ ከሐኪም ዘንድ ሳይቀርብ ቢዘገይ ራሱን ይጎዳል።