ዥጉርጉሩ መዥገር

በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ላም ያለበት ቤት ሁሉ መዥገርን ያውቀዋል። የምታልበው ሴት ከጡቱ ሥር ነቅላ ትጥለዋለች፤ ልጆች በድንጋይ ይጨፈልቁታል። አልላቀቅ ያለ ሰው ሲገጥመንም «እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ» እንላለን።

መዥገር የሸረሪት ዘመድ ነው። ከእንቁላሉ ሲወጣ ስድስት እግር አለው፤ ደም ጠጥቶ ቆዳውን ሲቀይር ስምንት ይሆናል። አይዘልም፣ አይበርም። በአገራችን ከብቶች ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ «አምብሊዮማ ቫሪጌተም» ይባላል። ሁለተኛው ስሙ በላቲን «ዥጉርጉር» ማለት ነው፤ የወንዱን ጀርባ ያየ ሰው ስያሜው አይገርመውም።

ይህ መዥገር በዕድሜው ሦስት ጊዜ ደም ይጠጣል፤ በየመሃሉ መሬት ወርዶ ቆዳውን ይቀይርና ሌላ እንስሳ ይፈልጋል። መዘዙም እዚህ ላይ ነው፤ ከአንዱ የቀዳውን ተህዋስ ለሌላው ያደርሳል። ጠግባ የወደቀችው ሴት በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ትሞታለች። የመዥገሩ ረጅም አፍ የሚተወው ቁስል ሲያመረቅዝ ላሟ የጡት ጫፍ ልታጣ ትችላለች። የፈረንጅ ደም ያላቸው ላሞች ደግሞ መዥገር በሚያመጣው በሽታ ከአበሻ ላም ይልቅ ይጎዳሉ።

የከብቱን በሽታ የሚመረምር አለ፤ አገር አቀፉ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚያው ሰበታ ነው። መዥገር በሰው ላይ የሚያመጣው በሽታ ግን በቀላሉ ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኢትዮጵያ ውስጥ ከከብት ላይ ከተለቀመ ዥጉርጉር መዥገር አንድ ባክቴሪያ ተገኘ። ለዓመታት በሜድትራንያን አካባቢ የሚታወቀው ተህዋስ ነው ተብሎ ቆየ። ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ «ሪኬትሲያ አፍሪኬ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እናቲቱ መዥገር በእንቁላሏ አማካይነት ለልጆቿም ታወርሰዋለች።

ይህን ባክቴሪያ የያዘ መዥገር የነከሰው ሰው በሳምንት ገደማ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይሰማዋል፤ የተነከሰበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል፣ በአቅራቢያው ያለው ንፍፊትም ያብጣል። በሽታው እምብዛም አይገድልም፤ ሐኪም በሚያዘው ዶክሲሳይክሊን ይድናል። ቅርፊቱን ያላየ ግን ወባ ወይም ታይፎይድ ሊመስለው ይችላል።

መዥገር ሲነክሳችሁ እሳት አታስጠጉ፣ ላምባ አትቀቡ፣ በጣት አታፍርጡት። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ቦታውንም በሳሙና እጠቡ። ላሟን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ፤ የመዥገር መድኃኒት በሚነግራችሁ መጠን ብቻ ተጠቀሙ። በቀናት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሕመማችሁን ብቻ ነግራችሁ አትመለሱ፤ «ቤቴ ላም አለች፣ መዥገር ነክሶኛል» በሉ።