ደጋፊው የሚለውና እውነታው፦ በአውስትራሊያ አራት የኳስ ጨዋታዎች ዙሪያ

አንጅ ፖስተኮግሉ በ2025 ቶተንሃምን ይዞ የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ያየ የአገራችን ደጋፊ የአውስትራሊያን ስፖርት የሚያውቀው በአብዛኛው በእሱ በኩል ነው። ዕድሜው ገፋ ያለው ደግሞ በሃሪ ኪውል፣ በማርክ ቪዱካና በቲም ካሂል በኩል ያውቀዋል። በአገራቸው ግን እነዚህ ሰዎች ያደጉበት ጨዋታ ከሌሎች ሦስት ጋር ሜዳና የቴሌቪዥን ሰዓት ይሻማል፤ የልጆችንም ልብ እንዲሁ። አንዱ አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ሰዎች በሰፊ ሞላላ ሜዳ ላይ የሚፋለሙበት፣ ሰዉ ፉቲ የሚለው ጨዋታ ነው፤ ዋናው ውድድሩ ኤኤፍኤል ይባላል። ሁለቱ ራግቢዎች ናቸው፤ አሥራ ሦስት ሰው የሚሰለፍበት ራግቢ ሊግና አሥራ አምስት የሚሰለፍበት ራግቢ ዩኒየን። አራተኛው እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ነው።

በእነዚህ ደጋፊዎች መካከል ያለው ሙግት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አብዛኛው የቆመው ግን ማንም ሳይመረምረው ከአፍ ወደ አፍ በተቀባበለው ወሬ ላይ ነው። ከወሬዎቹ አንዳንዶቹ ማንንም አይጎዱም። ሌሎቹ ግን የአገሩ ልጅ ማን እንደሆነ፣ እንግዳው ማን እንደሆነ የሚበይኑ ናቸውና በዝምታ መታለፍ የለባቸውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፉቲ ሕግ የለውም»

መጀመሪያ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ኦፍሳይድ የለም፣ ተጫዋቹ ከየአቅጣጫው ይላተማል፣ ኳሱም ሞላላ ስለሆነ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ኳስ በእጅ መወርወር ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው በአንድ እጅ ይዞ በሌላው በቡጢ መምታት ነው። ይዞ የሚሮጥ ሰው በየ15 ሜትሩ ኳሱን ማንጠር ወይም መሬት ማስነካት አለበት። ከትከሻ በላይ መያዝም ሆነ ከጀርባ መግፋት ያስቀጣል። ቢያንስ 15 ሜትር ተመትታ የመጣችን ኳስ አየር ላይ የቀለበ ተጫዋች ማንም ሳይነካው ቆሞ ይመታል። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሃል በእግር የገባች ኳስ ስድስት ነጥብ፣ በጎንና በጎን ያለፈች አንድ ነጥብ ታስገኛለች።

የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመው ብራውንሎው ሜዳሊያ ሳይቀር ከችሎታ ጋር ጨዋነትን ይመዝናል። በ1997 የዌስተርን ቡልዶግስ ተጫዋች ክሪስ ግራንት ከሁሉም የበለጠ ድምፅ አገኘ፤ በዚያው ዓመት ለአንድ ጨዋታ ታግዶ ስለነበር ብቻ ሜዳሊያው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሕግ የለውም የሚባል ጨዋታ እንዲህ አያደርግም።

«የአየርላንዶች ጨዋታ ነው፣ ከእነሱ የተቀዳ»

ጌሊክ እግር ኳስና ፉቲ ጎን ለጎን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ወሬውም የተነሳው ከዚህ ነው። የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን አይደግፈውም። የሜልበርን እግር ኳስ ክለብ ሰዎች የመጀመሪያ ሕጎቻቸውን የጻፉት በ1859 ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እንኳ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ በ1863 ነው፤ የአየርላንዱ የጌሊክ ስፖርት ማኅበር ደግሞ በ1884። ከመሥራቾቹ አንዱ ቶም ዊልስ የክሪኬት ተጫዋች ነበር። በ1858 ለጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ ክሪኬተኞች በክረምት ሰውነታቸው እንዳይዝል የእግር ኳስ ክለብ ይቋቋም ብሎ ጠየቀ።

ዊልስ ልጅነቱን ያሳለፈው በምዕራብ ቪክቶሪያ ከጃብ ዉሩንግ ሕዝብ ልጆች ጋር፣ ቋንቋቸውን እየተናገረ ነው። ነባሮቹ ሕዝቦች ማርን ግሩክ የሚባል፣ ከእንስሳ ቆዳ የተሠራች ኳስ ወደ ላይ እየመቱ ዘለው የሚቀልቡበት ጨዋታ ነበራቸው። ዊልስ ከዚያ ወስዷል ወይስ አልወሰደም የሚለው የታሪክ ምሁራንን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ወሰድኩ ያለበት ጽሑፍ የለም። ነጮች ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ምድር ኳስ ይጫወቱ እንደነበር ግን አያጠያይቅም። ስለ ጨዋታው መነሻ የሚናገር ሰው ይህን ዘልሎ አየርላንድን ቢጠቅስ ትልቅ ግፍ ይመስለኛል።

ከአየርላንድ ጋር ያለው እውነተኛ ትስስር የመጣው ዘግይቶ ነው። ከደብሊን የመጣው ጂም ስታይንስ በ1991 ብራውንሎውን ወሰደ። ቴግ ኬኔሊ ደግሞ በ2005 ከሲድኒ ስዋንስ ጋር የኤኤፍኤል ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2009 ወደ አገሩ ተመልሶ ከኬሪ አውራጃ ቡድን ጋር የመላው አየርላንድን ዋንጫ አነሳ።

«ሁለቱ ራግቢዎች ያው ናቸው»

አይደሉም፤ የለያያቸውም የሠራተኛ ደመወዝ ነው። በ1895 በእንግሊዝ ሃደርስፊልድ የተሰበሰቡ የሰሜን ክለቦች ከራግቢው ማኅበር ተገነጠሉ። ተጫዋቾቻቸው የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ለመጫወት ሲሉ የሚያጡት የቀን ክፍያ ይካካስላቸው ዘንድ ጠየቁ፤ የደቡብ ጌቶች ደግሞ ስፖርት በገንዘብ አይረክስም አሉ። ደመወዝ ሳያሳስበው የሚጫወት ሰው እንዲህ ማለት አይከብደውም።

ያው ጥያቄ ሲድኒ ደረሰ። ተጫዋች ሲጎዳ ማኅበሩ የሕክምናውንም ሆነ ያጣውን ገቢ አይሸፍንለትም ነበር። በ1907 የኒው ሳውዝ ዌልስ ራግቢ ሊግ ተቋቋመ፤ በ1908 የመጀመሪያው ውድድር ተካሄደ፤ ዋንጫውንም ሳውዝ ሲድኒ ወሰደ። የዘመኑ ኮከብ ዳሊ መሴንጀር ወደ አዲሱ ጨዋታ ሲሻገር ተመልካቹም ተከተለው። ዩኒየን በይፋ ለተጫዋች ክፍያ የፈቀደው በ1995 ነው፤ ከተገነጠሉት አንድ መቶ ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ዩኒየን በግል ትምህርት ቤቶች ሲጠለል፣ ሊግ የሲድኒና የብሪስቤን የሠራተኛ ሰፈሮች ጨዋታ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አንድ ዩኒየን ወዳድ ሊግን «የቀለለ ራግቢ» ብሎ ሲያጣጥል፣ ሳያውቀው የአያቶቹን የመደብ ንቀት እየደገመ ነው።

የሊጉ ትልቁ ፍልሚያ ስቴት ኦፍ ኦሪጂን የተወለደውም ከገንዘብ ነው። የኩዊንስላንድ ልጆች ለተሻለ ክፍያ ወደ ሲድኒ ክለቦች ይሄዱ ነበር፤ ከዚያ የኒው ሳውዝ ዌልስን መለያ ለብሰው የገዛ ክፍለ ግዛታቸውን ይገጥሙ ነበር። በ1980 ተጫዋች ለተገኘበት ግዛት እንዲሰለፍ ተደረገ። አርተር ቢትሰን ኩዊንስላንድን በአምበልነት እየመራ ብሪስቤን ላይ 20 ለ10 አሸነፈ። ቢትሰን ከዚያ ቀደም በማንኛውም ስፖርት የአውስትራሊያን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት የመራ የመጀመሪያው የነባር ሕዝብ ተወላጅ ነበር።

«አገሩ በሙሉ ለፉቲ ያብዳል»

ይህን የሚል ሰው ሜልበርንን ብቻ ያየ ነው። የታሪክ ምሁሩ ኢያን ተርነር በ1978 ባቀረበው ንግግር አገሩን ለሁለት የሚከፍል ምናባዊ መስመር አሰመረ፤ በታዋቂው ተጫዋችና አሠልጣኝ ሮን ባራሲ ስምም ሰየመው። ከመስመሩ በስተደቡብና በስተምዕራብ ያሉት ሜልበርን፣ አደሌድ፣ ፐርዝና ሆባርት የፉቲ ናቸው፤ በወዲያኛው በኩል ሲድኒና ብሪስቤን የራግቢ ሊግ። በ1970 የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ባስተናገደው የካርልተንና የኮሊንግዉድ የፍጻሜ ጨዋታ 121,696 ሰው ተገኝቷል። በባራሲ የሚሠለጥነው ካርልተን በ44 ነጥብ ከመመራት ተነስቶ ያሸነፈበት ቀን ነው። በዚያው ዘመን ሲድኒ ውስጥ የአንዱንም የአሸናፊ ቡድን ተጫዋች ስም የማያውቅ የሊግ ደጋፊ ማግኘት ቀላል ነበር። ዛሬ መስመሩ ሳስቷል፤ ስዋንስ ከ1982 ጀምሮ ሲድኒ ከትመዋል፣ ሜልበርን ስቶርም ደግሞ ከ1998 ጀምሮ በፉቲ መዲና ራግቢ ሊግ ይጫወታል። ቢሆንም አልጠፋም።

«እግር ኳስ የመጤዎች ነው»

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ስለጎዳ። እውነታው እግር ኳስ በሲድኒ በ1880 ይካሄድ እንደነበር ነው፤ ራግቢ ሊግ ገና ሳይወለድ ማለት ነው። ደግሞስ ዊልስና ጓደኞቹ የማን ልጆች ነበሩ? የብሪታንያ ሰፋሪዎች። አንዱን ስደተኛ ባለአገር፣ ሌላውን እንግዳ የሚያሰኘው የመጣበት መርከብ ብቻ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ ክሮሺያዊው፣ ሃንጋሪያዊውና አይሁዱ ሲመጡ ቋንቋ የማይጠይቅ መገናኛቸው ይህ ጨዋታ ሆነ። ሳውዝ ሜልበርን ሄላስን፣ ሜልበርን ክሮሺያን፣ ማርኮኒን፣ ሴንት ጆርጅ ቡዳፔስትንና ሃኮአህን የመሰሉ ክለቦች የኳስ ቡድን ብቻ አልነበሩም፤ ሥራ የሚጠየቅባቸው፣ ሠርግ የሚታሰብባቸው፣ ልጅ የወላጆቹን ቋንቋ የሚሰማባቸው ቤቶች ነበሩ። በየባዕድ አገሩ ማኅበርና የእግር ኳስ ቡድን ያቋቋመ የእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። እነዚህ መጤ የተባሉ ክለቦች ናቸው በ1977 ከአራቱ ጨዋታዎች ሁሉ ቀድመው አገር አቀፍ ሊግ የመሠረቱት። ብድራቱ ግን በ1990ዎቹ የመጡበትን ስም ከመለያቸው እንዲፍቁ መታዘዝ ሆነ።

የዚያን ዘመን ሀብት ለማየት ሳውዝ ሜልበርንን መመልከት ይበቃል። ከዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የነበረው ፈረንስ ፑሽካሽ አሠልጥኖት በ1991 ሻምፒዮን ሲሆን፣ አምበሉ ከአቴንስ በአምስት ዓመቱ በመርከብ የመጣ ልጅ ነበር፤ አንጅ ፖስተኮግሉ። ይኸው ልጅ በ2015 አውስትራሊያን የእስያ ዋንጫ ባለቤት አደረገ። በፉቲ ደግሞ የካርልተን ደጋፊ ነው። ማርክ ቪዱካም የወጣው ከክሮሺያውያኑ ክለብ ነው።

በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ የአውስትራሊያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ማቲልዳስ ከእንግሊዝ ጋር ያደረጉትን ግማሽ ፍጻሜ በአማካይ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን ተከታተለው፤ በ2001 ከተጀመረው የተመልካች ቆጠራ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም ነበር። የመጤ ጨዋታ የሚለው ሰው እነዚያን ሚሊዮኖች ምን ሊላቸው ነው?

የዚህ ወሬ ቅጥያ ደግሞ አለ፤ «ከአፍሪካ የመጣ ልጅ ከእግር ኳስ ሌላ አይሆንለትም» የሚል። ኬንያ የሚገኘው የካኩማ የስደተኞች ካምፕ በ1992 የተከፈተው፣ ደርግ ሲወድቅ ከኢትዮጵያ ካምፖች ወጥተው የተንከራተቱ የሱዳን ልጆችን ለመቀበል ነበር። በዚያ ካምፕ ከተወለዱት አንዱ አወር ማቢል በ2022 ፔሩ ላይ የፍጹም ቅጣት ምቱን አስቆጥሮ አውስትራሊያ ወደ ዓለም ዋንጫ እንድታልፍ ረዳ። እዚያው የተወለደው አሊር አሊር ደግሞ በሲድኒና በፖርት አደሌድ የኤኤፍኤል ተከላካይ ሆነ።

«ጎበዝ አትሌት የትም ጎበዝ ነው»

ደጋፊዎች ኮከባቸውን በምናብ ወደ ሌላው ጨዋታ ይወስዱና «ብንልከው ያምሳቸዋል» ይላሉ። እስራኤል ፎላው በራግቢ ሊግም በዩኒየንም ከምርጦቹ ተርታ ነበር፤ በፉቲ ግን ለግሬተር ዌስተርን ሲድኒ 13 ጨዋታ ተጫውቶ ሁለት ጎል ብቻ አስቆጥሮ ወጣ። ሜዳው ሰፊ፣ ሩጫው ረጅም፣ ኳሱን በእግር ማቀበል ደግሞ ከልጅነት የሚለመድ ነው።

«ክለብ የባለሀብት ነው፤ ደጋፊ ምን አገባው»

የእንግሊዝን ሊግ የለመደ ሰው እንዲህ ያስባል። አብዛኞቹ የኤኤፍኤል ክለቦች ግን የአባላቶቻቸው ናቸው። መውረድና መውጣት የለም፤ የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ የመጨረሻ ደረጃ ያገኘው ቡድን ከአዳዲስ ወጣቶች ቀድሞ ይመርጣል። በራግቢ ሊግና በእግር ኳሱ የግል ባለቤቶች አሉ፤ ብሪስቤን ብሮንኮስ እንዲያውም አክሲዮኑ በገበያ ይሸጣል።

የሐበሻ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት የሜልበርኑ ፉትስክሬይ የሚኖር ወገናችን የሰፈሩን ክለብ ታሪክ ቢያውቅ ይኮራበታል። በ1989 ፉትስክሬይ በዕዳ ምክንያት ከፊትዝሮይ ጋር እንዲዋሐድ ተወሰነ። ነዋሪው በየመንገዱ ሳንቲም ለመነ፣ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በጥቂት ሳምንታት ክለቡን አተረፈ። ያው ክለብ ዌስተርን ቡልዶግስ ተብሎ በ2016 ከሰባተኛ ደረጃ ተነስቶ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሲድኒ ውስጥም ሳውዝ ሲድኒ ከሊጉ ሲባረር ደጋፊው አደባባይ ወጣ፣ ተሟገተ፣ በ2002 መለሰው።

«ጩኸቱ ከዘር ጋር አይገናኝም»

አዳም ጉድስ የነባር ሕዝብ ተወላጅ ነው። ለሲድኒ ስዋንስ 372 ጨዋታ ተጫውቷል፤ በ2003 እና በ2006 ብራውንሎውን፣ በ2005 እና በ2012 ዋንጫውን አግኝቷል። በ2013 አንዲት ታዳጊ ተመልካች በዝንጀሮ ስም ስትጠራው ለጥበቃ አመለከተ፤ በማግሥቱ ግን ልጅቷን አትውቀሷት ብሎ ሕዝቡን ለመነ። በ2014 የዓመቱ አውስትራሊያዊ ተብሎ ስለ ዘረኝነት ደጋግሞ ተናገረ። በ2015 በየሜዳው ኳስ በነካ ቁጥር ይጮኹበት ነበር። የጮኹት ሰዎች መልስ «ቅጣት ምት ለማግኘት ስለሚያስመስል ነው» የሚል ነበር። በማስመሰል የታወቁ ሌሎች ተጫዋቾች ግን ሳምንት ከሳምንት፣ ከከተማ ከተማ እንዲህ አልተጮኸባቸውም። ጩኸቱ የበረታው ከተናገረ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ጨዋታ አቆመ። በ2019 ኤኤፍኤልና 18ቱ ክለቦች በዘረኝነቱ ጊዜ አብረውት ባለመቆማቸው ይቅርታ ጠየቁ። በ2021 የዝና አዳራሹን ክብር ሊሰጡት ሲፈልጉ አልቀበልም አለ።