ተከታዮቹ የቲክቶክ ናቸው፣ ስልክ ቁጥሩ ግን የእናንተ

ኦንላይን ለምትሸጡ አንድ ነገር እናንሳ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ጫማ የሚሸጥ ልጅ ድሮ ደንበኛው በበሩ የሚያልፍ ሰው ነበር። አሁን ቲክቶክ ቪዲዮውን ሰሚት ላለና ጭራሽ ለማያውቀው ሰው ያሳይለታል። አሪፍ ነው። ነገ ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው ግን አልጎሪዝሙ እንጂ ባለሱቁ አይደለም። የቴሌግራም ቻናል ደግሞ አዲስ ሰው ብዙም አያመጣም፤ አንዴ የገባ ሰው ግን ፖስቱን በተራው ያገኘዋል። ስለዚህ በቲክቶክ ጥሩ፣ በቴሌግራም አቆዩ።

ሁለቱም ቢዘጉስ? ተዘግተው ያውቃሉ እኮ! የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። አምስት ወር ማለት ለትንሽ ሱቅ ስንት ኪራይ ነው? ያኔ ቪፒኤን የሌለውን ደንበኛ ማግኘት የሚችለው ቁጥሩን የያዘ ሻጭ ነበር። ዕቃ ስታደርሱ የምትቀበሉትን ቁጥር፣ ደንበኛውን አስፈቅዳችሁ፣ ደብተር ላይ አስፍሩት። ስልክ ይጠፋል።

በነገራችን ላይ፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለው ነገር ቢቀር ደስ ይለኛል። የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ብዙው ሰው ግን ስክሪኑን ገፋ አድርጎ ዋጋ የጻፈው ሻጭ ጋር ይሄዳል።